የተመድ የሕዝብ ብዛት ዳታ ፖርታል ከነአመሉ

ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ተማሪ፣ የወረዳ ጤና ዕቅድ የሚያወጣ ባለሙያ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ በር ያንኳኳል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕዝብ ክፍል በነፃ የሚያቀርበውን የዓለም ሕዝብ ዳታ። እዚህ የምናየው ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2024)፣ በዓለም የሕዝብ ቀን የወጣውን 28ኛ እትም ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር፤ አገርን ከአገር ለማወዳደር፣ ዕድገትን ለማስላትና የሕዝብን የዕድሜና የጾታ ስብጥር የሚያሳይ ፒራሚድ ለመሥራት የሚስተካከለው ነፃ ዳታ የለም። ወረዳና ቀበሌ ድረስ ወርዶ ለሚሠራ ሰው ግን ብቻውን አይበቃም። ከአገር ውስጥ ቁጥር ጋር እንዳገኙ ሲቀላቅሉት ደግሞ ዓይን ያወጣ ስህተት ይወልዳል፤ እንዴት እንደሆነ ከታች በቁጥር እናሳያለን። ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተጨመረበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ፖርታሉ 237 አገሮችንና ግዛቶችን ይዟል። ከ1950 እስከ 2023 ያለው ያለፈው ዘመን ግምት ነው፤ ከ2024 እስከ 2100 ያለው ትንበያ። እያንዳንዱ ዓመት በወንድና በሴት፣ በነጠላ ዕድሜ ከ0 ጀምሮ እስከ «100 እና ከዚያ በላይ» ተከፍሎ ተቀምጧል። ወሊድ፣ ሞት፣ ፍልሰት፣ በሕይወት የመቆያ ዕድሜ ሁሉም አለ። የሕዝብ ብዛቱ ዋና ማጣቀሻ ቀን የዓመቱ አጋማሽ ጁላይ 1 ነው፤ በእኛ ሰኔ 24።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እስከ 2023 ያለውም ክፍል ቢሆን ተቆጥሮ የተገኘ አለመሆኑን ነው። ባለሙያዎቹ ለዚህ እትም ከ1950 እስከ 2023 የተካሄዱ 1,910 አገር አቀፍ ቆጠራዎችን፣ 3,189 የናሙና ጥናቶችንና የወሳኝ ኩነት ምዝገባዎችን አይተዋል። ከዚያ ያለፈው ዓመት ሕዝብ ላይ የተወለደውን ደምረው፣ የሞተውን ቀንሰው፣ የገባና የወጣውን አስተካክለው፣ እያንዳንዱን የዕድሜ ክፍል አንድ ዓመት እያሳደጉ ይሄዳሉ። ቆጠራው ከዚህ ስሌት ጋር ካልገጠመ ቆጠራውን ያርሙታል። ስለዚህ የአንድ አገር ቁጥር ጥንካሬ የሚለካው አገሩ መቼ በቆጠረው ነው። ናይጄሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ2006 ነው፤ ዴሞክራቲክ ኮንጎ በ1984። የእኛም በ1999 ዓ.ም. ነው፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። የሦስቱም መስመር በግራፉ ላይ እንደ ስዊድን መስመር ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ልስላሴው የመጣው ግን ከሒሳቡ ነው።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ሁለት መግቢያ አለው። አንደኛው አገር፣ ዓመትና መለኪያ መርጦ ያንን ብቻ የሚያወርዱበት ፖርታል ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው የሚመከረው ይኸኛው ነው። ሁለተኛው ሙሉውን ፋይል በኤክሴል ወይም በሲኤስቪ የሚሰጠው ገጽ ነው። የኤክሴሉን ፋይል ሲከፍቱ የመጀመሪያዎቹ 16 ረድፎች አርዕስትና ማብራሪያ ናቸው፤ የዓምዶቹ ስም ያለው 17ኛው ረድፍ ላይ ነው። እነዚያን ረድፎች ሳያጠፉ ፒቮት (የኤክሴል ማጠቃለያ ሰንጠረዥ) ለመሥራት መሞከር ልፋት ነው። ከታች ደግሞ ከአንድ በላይ ሉህ አለ፤ «ኤስቲሜትስ» የሚለው 2023 ላይ ያበቃል፣ 2024ን የሚፈልግ «ሚዲየም ቫሪያንት» (መካከለኛው የትንበያ አማራጭ) ወደሚለው መሄድ አለበት። የኢትዮጵያ መለያ ቁጥር 231 ነው፤ በስም ከመፈለግ በቁጥር ማጣራት ይቀላል።

ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው። 132,060 የሚል ካገኛችሁ 132 ሚሊዮን ማለት ነው። ይህን የዘነጋ ጽሑፍ ኢትዮጵያን የአንድ መለስተኛ ከተማ ያህል ሲያሳንሳት ማየት አዲስ አይደለም። ሌላው ወጥመድ ድምር ነው፤ በአንዱ ዓምድ ውስጥ አገሮች ብቻ ሳይሆኑ «ዓለም»፣ «አፍሪካ»፣ «ምሥራቅ አፍሪካ»፣ «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች» የሚሉ ረድፎችም ተሰልፈዋል። ዓምዱን እንዳለ የደመረ ሰው የዓለምን ሕዝብ ደጋግሞ ይቆጥራል። ከመደመር በፊት የዓይነት ዓምዱን ወደ «አገር» ማጣራት ግድ ነው።

የነጠላ ዕድሜው ሲኤስቪ ፋይል በኤክሴል አይከፈትም ማለት ይቻላል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 237 አገሮች በ74 ዓመት፣ በ101 የዕድሜ ረድፍ ሲባዛ ከ1.7 ሚሊዮን ረድፍ ያልፋል፤ ኤክሴል ደግሞ በአንድ ሉህ የሚይዘው 1,048,576 ብቻ ነው። የተረፈውን ይቆርጠዋል፤ ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ የዘጋ ሰው ግማሽ ዓለም ይዞ ይቀራል። በአር ወይም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ መክፈት፣ ያ ካልሆነ ዕድሜዎቹ ወደ ጎን የተደረደሩበትን የኤክሴል ፋይል መውሰድ ነው።

ከትንበያዎቹ መካከል ከፍተኛውና ዝቅተኛው አማራጭ በጣም ይሳሳቱባቸዋል። ከፍተኛው ማለት አንዲት ሴት በአማካይ ከምትወልደው ላይ ግማሽ ልጅ የተጨመረበት፣ ዝቅተኛው ግማሽ ልጅ የተቀነሰበት ማለት ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። የስህተት ህዳግ አይደሉም። የስህተት ህዳግ የፈለገ የ80 እና የ95 ከመቶ የሚሉትን ፋይሎች ለይቶ ይውሰድ። ለመምህር ግን ወርቅ የሆነው «ሞመንተም» የሚባለው አማራጭ ነው። ዛሬውኑ እያንዳንዷ ሴት ራሷንና ባሏን የሚተካ ያህል ብቻ ብትወልድ የሕዝቡ ብዛት ምን ይሆናል ብሎ ያሰላል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ ዕድሜው ከ19 ዓመት ገደማ በታች ስለሆነ፣ ያ ቢሆን እንኳ ብዛቱ ለአሥርተ ዓመታት ይጨምራል፤ ነገ የሚወልዱት ልጆች ዛሬ ተወልደዋልና። ይህን በቃል ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከማስረዳት የሞመንተሙንና የመካከለኛውን አማራጭ መስመር በአንድ ግራፍ ማሳየት ይበልጣል።

ፒራሚድ ለመሥራት የአምስት ዓመት ክፍሎችን ይውሰዱ። የወንዶቹን ቁጥር በ−1 ያባዙ፣ ወደ ጎን የሚጋደም የተደራረበ ባር ቻርት ይምረጡ፣ በባሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ዜሮ ያድርጉ፣ የአግድሙን ዘንግ ቁጥር ፎርማት 0;0 ያድርጉት፤ የአሉታዊ ምልክቱ ይጠፋል። በመቶኛ ከሆነ አካፋዩ የሁለቱም ጾታ ጠቅላላ ድምር ይሁን። ወንዱን ለወንድ ድምር፣ ሴቷን ለሴት ድምር ያካፈለ ሰው የጾታ ሚዛኑን አጠፋው ማለት ነው። ኳታርን በሁለቱም መንገድ ሠርታችሁ ብታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል፤ በዚያ አገር በሥራ ፍልሰት ምክንያት ወንዱ ከሴቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ ትክክለኛው ፒራሚድ በ25 እና በ40 መካከል ወደ ወንዶቹ በኩል ሆዱን ነፍቶ ይወጣል። በተሳሳተው መንገድ ግን ያ ሆድ ይጎድላል።

የኢትዮጵያ ፒራሚድ ከፖርታሉ ሲወጣ ያለ አንዳች ጥርስ ደረጃ በደረጃ እየጠበበ ይወጣል። የቆጠራውን ጥሬ የነጠላ ዕድሜ ሰንጠረዥ ያየ ሰው ሌላ መልክ ያውቃል፤ 30፣ 40፣ 50 ላይ ረጃጅም እሾህ፣ 29 እና 31 ላይ ጉድጓድ። ዕድሜውን በወረቀት ያልያዘ ሰው ሲጠየቅ በ0 ወይም በ5 ወደሚያበቃ ቁጥር ያጠጋጋል። ተመድ ይህን አለስልሶታል። ለማስተማር ሁለቱን ጎን ለጎን ማድረግ ይጠቅማል።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከአገር ውስጥ ቁጥር ጋር ሲገናኝ ነው። የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራን መነሻ አድርጎ እስከ ወረዳ የሚወርድ ትንበያ ያወጣል። ለሐምሌ 2015 ዓ.ም. ያለው ጠቅላላ ድምር 107 ሚሊዮን ገደማ ነው። ተመድ ለዚያው ጊዜ ከ128 ሚሊዮን በላይ ይላል። ልዩነቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ነው። ሁለት ምንጭ አለው። መነሻው ይለያያል፤ ተመድ ቆጠራው ሰው አምልጦታል ብሎ የ1999 ዓ.ም. ቁጥርን ከፍ አድርጎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ወሊድ በምን ፍጥነት ቀነሰ የሚለው ግምትም ይለያያል።

አንዱን ከአንዱ ሲቀላቅሉ የሚሆነውን እንይ። የዓመት ዕድገት ምጣኔ የሚገኘው የኋለኛውን ለፊተኛው አካፍሎ፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ወስዶ፣ ለዓመታቱ ብዛት በማካፈል ነው። ቆጠራው 73.75 ሚሊዮን አለ። የአገር ውስጡን 107.3 ሚሊዮን በመጨረሻ አድርገን ለ16.1 ዓመት ስናሰላ 2.3 ከመቶ ይወጣል። መነሻውን ከቆጠራው፣ መድረሻውን ከተመድ (128.7 ሚሊዮን) የወሰደ ሰው ግን 3.5 ከመቶ ገደማ ያገኛል። በዚህ ምጣኔ ሕዝቡ በ20 ዓመት ይታጠፋል፤ ተመድ ራሱ በሚሰጠው 2.6 ከመቶ ግን 27 ዓመት ይፈጃል። 3.5ን ሁለቱም ተቋማት አላሉትም። ሆኖም በየጥናቱ መግቢያ ላይ እንዲህ ዓይነት ቁጥር ብቅ ይላል፣ ምንጩም እንዲህ ያለ ቅልቅል ነው። መነሻና መድረሻ ከአንድ ቤት ይሁን።

የዓመታቱ ብዛትም ያሳስታል። ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1987 ዓ.ም. ነበር፤ 53.5 ሚሊዮን። 8 ደምሮ 1995 ያደረገ ሰው ተሳስቷል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የሚደመረው 7 ስለሆነ 1994 ነው። ሦስተኛው ግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው፣ እዚህ 8 ይደመራል። መሐሉ 12.6 ዓመት እንጂ ወሩን ትቶ 1994ን ከ2007 የቀነሰ ሰው እንደሚያገኘው 13 አይደለም፤ ምጣኔው በመጀመሪያው 2.55፣ በሁለተኛው 2.47 ይወጣል። አፋርና ሶማሌ ክልሎች ደግሞ የተቆጠሩት ከሌላው ወራት ዘግይተው፣ ኅዳር ላይ ነው። የ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42.6 ሚሊዮን የሚለው ኤርትራን ጨምሮ ነው፤ ያለ ኤርትራ 39.9 ሚሊዮን ይሆናል። የተመድ ፋይል ግን እስከ 1950 ድረስ ኢትዮጵያን የሚሰጠው በዛሬው ወሰኗ ነው፣ ስለዚህ የሚወዳደረው ከ39.9 ጋር ነው።

ወረዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ሌላ መንገድ የለም፤ የስታቲስቲክስ አገልግሎቱን የወረዳ ሰንጠረዥ መያዝ አለበት፤ ተመድ ከአገር በታች በዚህ ፋይል አይወርድም። ሰንጠረዡ በፒዲኤፍ ስለሚመጣ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ የዞን ድምሮች ከወረዳዎች ጋር ይቀላቀላሉ፤ ክልል በክልል ደምሮ ከታተመው ድምር ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። የቀድሞው ደቡብ ክልል ዛሬ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል፤ አዲስ አበባም ለሚ ኩራ የሚባል 11ኛ ክፍለ ከተማ ጨምራለች። የድሮውን ከአዲሱ ያለ ማዛመጃ ሰንጠረዥ ማወዳደር አይቻልም። አንዳንዶች የወረዳውን ቁጥር በሁለቱ ድምሮች ጥምርታ፣ በ1.2 ገደማ፣ ያባዙታል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ቆጠራው በሁሉም ወረዳ እኩል ሰው አምልጦታል፣ ከዚያ ወዲህም ሁሉም እኩል አድጓል የሚል ግምት ተሸክሟል። ሰው በጎረፈባቸው የከተማ ዳር ወረዳዎች አይሠራም። አካፋዩ፣ ማለትም የወረዳው የሕዝብ ቁጥር፣ ሲያንስ የሚታየውን የጤና ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ የክትባት ሽፋን ከመቶ በላይ ይወጣል።

አዲስ አበባ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። በ1999 ዓ.ም. 2.74 ሚሊዮን ተቆጠረባት። የአገር ውስጥ ትንበያ ለ2015 ዓ.ም. ወደ 4 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ተመድ በ2018 ያወጣው የከተሞች ትንበያ ለዚያው ዓመት ከ5.4 ሚሊዮን በላይ ይሰጣል። የከተሞቹ ዳታ ከአገሮቹ የተለየ ፋይልና የተለየ እትም ነው፤ በአንድ ሰንጠረዥ ማስገባት ተገቢ አይደለም። በ2025 የወጣው የከተሞች እትም ደግሞ ከተማ የሚባለውን በአስተዳደር ወሰን ሳይሆን በጥግግት ለይቶ ስለቆጠረ የዓለም ደረጃው ተገለበጠ፤ ጃካርታ ወደ 42 ሚሊዮን ተጠግታ ቶኪዮን በለጠች። ጃካርታ በአንድ ሌሊት አላደገችም። ሁለቱን እትሞች በአንድ መስመር የሚቀጥል ግራፍ ዋጋ የለውም።

ስርጭትን በካርታ ለማሳየት የተመድ ፖርታል አይረዳም፤ እዚህ ላይ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው ወርልድፖፕ ይገባል። አገሩን 3 የቅስት ሰከንድ (አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ነው) ስፋት ባላቸው ጥቃቅን ካሬዎች ይከፍላል፤ በእኛ ኬክሮስ እያንዳንዱ ወደ 92 ሜትር በ92 ሜትር ነው። በካሬው ውስጥ የሚገኘው ቁጥር የሰው ብዛት ግምት ነው፣ 0.3 ሰው የሚልም አለ። ወደ ሙሉ ቁጥር አታጠጋጉት፤ በገጠር ቆላ ያለው ሕዝብ በሙሉ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ሁለት ዓይነት አለው፤ አንደኛው ሰውን በየትኛውም የመሬት ካሬ ላይ ይበትናል፣ ሌላኛው ሕንፃ በታየባቸው ካሬዎች ብቻ ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ዓይነት የደናክል ጨው ሜዳ ላይ እንኳ ቁርጥራጭ ሰው ይታያል። ለሰፈራ ካርታ ሁለተኛው ይሻላል፤ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ግን በሁለቱም ያስቸግራሉ፤ የሕንፃውን የመሬት ስፋት ብቻ የሚያይ ሞዴል ባለ አራት ፎቁን ብሎክ ከአንድ ፎቅ ቪላ አይለየውም።

ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ሲሠራ የወረዳ ወሰን ፋይሉን ከተመድ የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ የዳታ ገጽ አውርዶ፣ «ዞናል ስታቲስቲክስ» ከፍቶ፣ አማካይን ትቶ ድምርን መምረጥ ነው። ከመደመር በፊት ራስተሩን (የካሬዎቹን ፋይል) ወደ ሌላ ፕሮጀክሽን (የካርታ አሣሣል ሥርዓት) አትለውጡ፤ ካሬዎቹ እንደገና ሲከፋፈሉ ድምሩ ይዛነፋል። ወሰኑን ወደ ራስተሩ አምጡ። ውጤቱ አሉታዊ ከወጣ ባዶ ካሬን የሚወክለው −99999 እንደ ቁጥር ተደምሯል ማለት ነው፤ በንብርብሩ ባሕርይ ውስጥ ባዶ መሆኑን መንገር ይበቃል። በመጨረሻ የአገሩን ጠቅላላ ድምር አውጥታችሁ ከተመድ ቁጥር ጋር አስተያዩት። «ለተመድ የተስተካከለ» የሚለው ፋይል የሚዛመደው ከዚያ ፋይል ዘመን እትም ጋር እንጂ ከ2024ቱ ጋር አይደለም።

ለክፍል ውስጥ ማሳያ ብቻ ከሆነ ፖፑሌሽን ፒራሚድ ዶት ኔት በስልክ ላይ ፈጣን ነው፤ ዳታው የተመድ ነው። ወርልድኦሜተር ላይ በየሰከንዱ የሚንቀሳቀሰውን ቁጥር ግን ማንም ቆሞ እየቆጠረው አይደለም፤ የዓመቱ ትንበያ ለሰከንድ ተካፍሎ ነው። ለጌጥ ይሆናል፤ ለምንጭነት አይሆንም።

ፈቃዱ ለጋስ ነው። ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ ለመማሪያ መጽሐፍ፣ ለሽያጭ ቢሆንም፣ መጠቀም ይቻላል። ስትጠቅሱ ግን «ተመድ» ብቻ አትበሉ፤ የእትሙን ዓመትና የትንበያውን አማራጭ ጨምሩ። የ2022ቱ እትም ኢትዮጵያን በ2050 ወደ 215 ሚሊዮን ያደርሳታል፣ የ2024ቱ ወደ 225 ሚሊዮን፤ ሁለቱም መካከለኛው አማራጭ ናቸው፣ ሁለቱም «የተመድ ትንበያ» ተብለው በየጋዜጣው ይዞራሉ።